የሩፋኤል ዕለት ያደረስሁት ሹራብ

የካቻምናው ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ገና ሳይነጋ ጀምሮ እስከ ረፋድ አላባራም። መካነ ሰላም ጭጋግ ውስጥ ገብታ ከእኛ በር መናኸሪያው አይታይም ነበር። ሰው ሁሉ ሳፋና ባልዲውን ከጣራው ጠርዝ ሥር ደርድሮ የሩፋኤልን ውሃ ይቀበላል። ልጆች ራቁታቸውን እየጮሁ ዝናቡ ውስጥ ይሯሯጣሉ። እኔ በላስቲክ የተጠቀለለ ሹራብ ደረቴ ላይ ይዤ ባጃጅ እጠብቅ ነበር።

ስሜ ይርገዱ ነው። ትምህርት ያቆምሁት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቴ ታማ ተኛች፤ ከቤት መቅረት የሚገባት ሴት ልጅ እኔ ነበርሁ፤ ቀረሁ። በኋላ ዓባይነህ የሚባል ሰው አገባሁ። እሱም ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወረደ፤ እዚያው በንዳድ ሞተ። መሞቱን የሰማሁት አጅባር ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስሸጥ ነው። ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ሽንኩርቱን እየመረጠች፣ «እግዜር ያጥናሽ እቴ፣ የዓባይነህን ሰምተን አዘንን» አለችኝ። እኔ አልሰማሁም ነበር። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሊያረዱኝ ተነጋግረው ኖሯል። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ያወቅሁ መስሏት ነው። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው እቤቱ እያለ፣ በማለዳ፣ የሚይዙት ዘመዶች ከበውት ነው። እኔ ግን ገበያ መሀል፣ ሰው እየረገጠኝ ወደቅሁ። ስነሳ ሽንኩርቴ የለም።

«ገጸ በረከት» የሚባለው ድርጅት ሲከፈት ቀድመው የቀጠሩት እኔን ነው። ድርጅት ይባል እንጂ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ሦስት ሰው ነው። አስናቀው ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ የአገራችን ልጅ ነው፤ ሐሳቡ የእሱ ነው። እፀገነት ቴሌግራሙን ትመልሳለች። እኔ እጠቀልላለሁ፣ አደርሳለሁ፤ ከከላላ እስከ አጅባር የማላውቀው ዳገት የለም። አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያለ ልጅ ቴሌግራም ላይ ይመዘገባል፤ ስጦታውን ለእናት ለአባቱ እናደርሳለን። ከዚያ ቤት ደግሞ መልስ ይሰጠናል፤ ቅቤ፣ ማር፣ በሶ፣ ያላቸውን። እሱን በአውቶቡስ እንልካለን። ሲቀበሉ ፎቶ አነሳለሁ፤ እፀገነት ቻናሉ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ሰው ከሥሩ ምርቃት ይጽፋል። አስናቀው፣ «ድርጅታችንን የሚያሳድገው ፎቶው ነው» ይል ነበር። በየደረስሁበት ቤት ስልክ ያለው ሰው ካለ ቻናሉን በእጄ ነው የማስገባለት።

የዚያን ዕለቱ ሹራብ የእማማ ሸዋረግ ነበር። ልጃቸው የኋላሸት አዲስ አበባ የመብራት ገመድ ዘርጊ ነው፤ ለዘመን መለወጫ ብሎ ከሁለት ሳምንት በፊት ነው ያዘዘው። ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ አሕመድኑር በባጃጁ አድርሶኝ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግሬ ወጣሁ።

እማማ ሸዋረግ ከበራቸው ቆመው አዩኝ።

«በዚህ ዝናብ የሚመጣ ወይ ፖሊስ ነው ወይ አማች፤ አንቺ የቱ ነሽ?» አሉኝ።

«የኋላሸት ልኮኝ ነው እማማ።»

ላስቲኩን ፈታሁት። ሹራቡ ደማቅ ቀይ ነው።

«ቀይ! በዚህ ዕድሜዬ ቀይ! ይሄ ልጅ ሙሽራ ሊያደርገኝ ነው እንዴ?»

የጎረቤታቸው ምራት ዝናሽ አጥር ተሻግራ መጥታ ነበር። «አሁንማ ባል ይመጣብዎታል» አለቻቸው።

«ዝም በይ አንቺ፣ የራስሽን ጠብቂ። አምሽቶ መግባት አብዝቷል ይባላል።»

ሦስታችንም ሳቅን። ሹራቡን በቀሚሳቸው ላይ ደርበው ለፎቶ ቆሙ። «ይሳቁ እንጂ» ስላቸው፣ «ጥርሱ ሳይኖረኝ በምኔ ልሳቅ?» እያሉ ሳቁ። ያቺን ሳቅ ነው ያነሳሁት። ዝናሽ፣ «ሲወጣ እንዳሳያቸው ቻናሉን አስገቢልኝ» አለችኝ፤ በገዛ እጄ አስገባሁላት። መልሱን፣ በሶው ተፈጭቶ ስላላለቀ፣ ከበዓል በኋላ እወስዳለሁ ተባብለን ወረድሁ።

እዚያ መንደር ኔትወርክ የለም፤ ከዝናሽ ጎተራ ኋላ ያለችው ጉብታ ላይ ብቻ አልፎ አልፎ ይይዛል። እኔም ፎቶው የሄደልኝ አስፋልቱ አጠገብ ስደርስ ነው። አሕመድኑር ሻይ ቤት ውስጥ ነበር። እግሬን ከጭቃ እየጠረግሁ ሻይ አዝዤ ሳልቀምሰው እፀገነት ደወለች።

«ይርጌ፣ የት ነሽ?»

«ወርጃለሁ። ምነው ድምፅሽ?»

«ፎቶውን ለጠፍሁት። ሰዎች ምርቃት ሲጽፉ ቆዩና አራተኛው ላይ አንዱ ‹ነፍሱን ይማር፣ እናቱን እግዜር ያጽናልን› ብሎ ጻፈ። እብድ ነው ብዬ ለልጁ ደወልሁ። ስልኩን ያነሳው የሥራ ጓደኛው ነው። ትናንት ምሰሶ ላይ እንዳለ ኤሌክትሪክ ይዞት... ይርጌ፣ የለም። የጻፈውም አብሮት የሚሠራ ነው፤ እናትየው የሰሙ መስሎት።»

ሻዩን አስቀመጥሁት።

«አጎቱን መሪጌታ መልአኩን አገኘኋቸው» አለች። «አስከሬኑ ነገ ይገባል። ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን፣ እስከዚያ ድምፅ እንዳይሰማ ብለው እያለቀሱ ለመኑኝ።»

«ፎቶውን አጥፊው!»

«አጥፍቼዋለሁ። ግን አንዲት ዝናሽ የምትባል ሦስተኛው ላይ ‹አሁኑኑ ላሳያቸው ነው› ብላ ጽፋለች። ኔትወርክ ወደሌለበት ከገባች ስልኳ ላይ የተጫነው አይጠፋም። አራተኛው ገብቶላት እንደሆነ አላውቅም።»

አሕመድኑር ፊቴን አይቶ ተነሳ። ነገርሁት። እስከ ዳገቱ ሥር ባጃጁ የማይገባበት ጭቃ ውስጥ እየነዳ፣ «አብሽሪ፣ አላህ ያደርስሻል» ይለኛል። እኔ አጅባር ገበያ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ሮጥሁ ማለት አልችልም፤ በዚያ ጭቃ ሰው አይሮጥም። ሁለት ጊዜ በጉልበቴ ወደቅሁ። ጫማዬን አውልቄ አንጠለጠልሁት።

ስደርስ እማማ ሸዋረግ ከጣራው ጠርዝ ሥር ዱካ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሹራቡን አላወለቁትም። ፊታቸው የሩፋኤል ውሃ የሞላ ሳፋ አለ። ዝናሽ አጠገባቸው ቆማ ከስልኳ ታነባለች።

«‹እንኳን አደረሰዎት እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልን።› ይሄ አንዱ ነው።»

«አሜን። ማነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የከተማ ሰው። ሁለተኛው፣ ‹ሹራቡ ሲያምርብዎት! ልጅ መውለድ እንዲህ ነው።›»

«አሜን፣ አሜን። አንብቢ።»

«ሦስተኛው የእኔ ነው፣ እሱን እንለፈው...»

«ዝናሽ!» አልሁ። ሁለቱም ዞሩ። «ስልኩን ስጪኝ፣ አንድ ነገር ላስተካክል።»

«ቆይ ልጨርስላቸው፤ አንድ የቀረ መሰለኝ» አለች፣ አውራ ጣቷን እያነሳች።

ጨብጬ ቀማኋት። ምን እንደማደርገው አላሰብሁም። ብደብቀው ትጠይቀኛለች፣ ብሮጥ ትከተለኛለች። ሳፋው እግሬ ሥር ነው። ጣቶቼን ከፈትኋቸው። ስልኩ ቡጭ ብሎ ገባ።

ዝናሽ ጮኸች። «አብደሻል? ሆን ብለሽ ነው! አየሁሽ፣ ሆን ብለሽ ነው!» አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችው፣ አራገፈችው፣ ቁልፉን ተጫነችው፤ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አራተኛው ገብቶላት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። «አንቺ የዳገት ለማኝ! ስጦታ አድራሽ ነኝ ብለሽ የሰው ንብረት ታጠፊያለሽ!»

እማማ ሸዋረግ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ተይ፣ ተይ አትሳደቢ። ሩፋኤል ስልክሽን አጠመቀልሽ። ከእንግዲህ ሐሜት አይገባበትም።»

እኔም መሳቅ ነበረብኝ። ሳቅሁ።

ዝናሽ እየተሳደበች ሄደች። ልነግራት አልቻልሁም፤ ዝናሽ ፊቷ ላይ ነገር የማይደበቅላት ሴት ናት። እማማን ብቻቸውን ትቼ ብወርድ ደግሞ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ያ ጽሑፍ በስንት ሰው ስልክ እንደዞረ አላውቅም። «ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቃተኝ፣ ላድር ነው» አልኋቸው። ዋሸሁ። ደስ አላቸው።

«እንኳን ሞላ! ብቻዬን ምን እሠራለሁ። ናና ገብሱን እንፍጭ፤ በሶውን እኮ ነገውኑ ትወስጂልኛለሽ።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተቆላውን ገብስ አብሬያቸው ፈጨሁ። እሳቸው ያወራሉ። ሽቦ ላይ ሲውል ስለሚርበው በሶ በኪሱ ይዞ ይውጣ ይላሉ። ለጥምቀት መጥቶ የሚያያት ልጅ አለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ነገሩኝ፣ ጸባይዋን ነገሩኝ፣ እናቷ ምላሰኛ እንደሆነች ነገሩኝ። «አንቺ ምን ትያለሽ?» ይሉኛል። «ጥሩ ነው እማማ» እላለሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ቀድሜ ወደ አጥሩ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁለት ሆነው መጡ፤ ዓይናቸውን ሳይ ሰምተዋል። እማማ ከውስጥ «ማነው?» ሲሉ፣ «መንገድ ጠይቀው ነው» አልሁና በእጄ መለስኋቸው። እነሱም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

በሶውን ከረጢት ሞልተው፣ አፉን በክር ጠቅልለው ሰፉት። ማሩን በጠርሙስ አደረጉት። በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልሁ። «ለልጄ በእጁ» አሉኝ። «እሺ እማማ» አልሁ። ባልቀበል ይጠረጥሩ ነበር። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ሌላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር አላውቅም።

ሌሊቱን አላወራውም።

ሲነጋ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እማማ በር ከፍተው ወጡና እዚያው ደረቁ። መሪጌታ መልአኩ ከፊት፣ ከኋላቸው ስምንት ዘጠኝ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ አጥሩ ውስጥ ቆሟል። ሴቶቹ ከጎን ናቸው፤ ዝናሽም አለችበት። እንደምን አደርሽ ያለ የለም። በዚያ ሰዓት፣ እንደዚያ ሆኖ የሚቆም ሰው ምን ይዞ እንደመጣ እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። እማማ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ይሄን አውቀሽ ነው ያደርሽው?»

መሪጌታ፣ «እህቴ፣ የኋላሸት...» ሲሉ ሴቶቹ ደርሰው ያዟቸው። አልወደቁም። ስምንት እጅ ይዟቸው ነበር። ዝናሽ ወገባቸውን ይዛ በትከሻቸው በኩል አየችኝ፤ ትናንት የሰደበችኝን ያህል አለቀሰች።

እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር፤ ሰው ይዟቸው እንዲሰሙ። ሆነልኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ በሠልስቱ፣ በሶውንና ማሩን ይዤ ሄድሁ። ሌላ የት አደርገዋለሁ? እማማ ሸዋረግ መሬት ላይ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ከረጢቱን አጠገባቸው ሳኖር በእጃቸው ክሩን ዳሰሱት።

«ይሄን ለማን ብለሽ ነው የተቀበልሽኝ?»

«እማማ፣ ሌላ ሰው እንዳይነግርዎት ብዬ...»

«አውቄዋለሁ። ነግረውኛል። ደግ አድርገሻል ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ስለ ሠርጉ ስለፈልፍ እያየሽኝ ዋልሽ። አንዴ እንኳ ‹ዝም ይበሉ› አላልሽኝም።»

ተነስቼ ወጣሁ። መሪጌታ እስከ አጥሩ ሸኙኝና፣ «ሐዘን ነው፣ አትያዥባት» አሉኝ። አልያዝሁባቸውም። ዝናሽ እንኳ የስልኳን ነገር ሳታነሳብኝ ደህና ሁኚ አለችኝ።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ አገሩን ዞረ። ስልኩን ለምን ውሃ ውስጥ እንደጣልሁና ለምን እንዳደርሁ አይደለም የዞረው። ለሞተ ሰው እናት ስጦታ የምትወስድ ሴት አለች ነው የተባለው። መስከረም ላይ ከላላ አካባቢ አንድ ብርድ ልብስ ይዤ ስደርስ፣ የቤቱ እመቤት ከሩቅ አይታኝ የተሸከመችውን እንስራ ጥላ፣ «ማን ሞተብኝ? ማን ሞተብኝ?» እያለች መሬት ላይ ተንከባለለች። የላከላት ልጇ ዱባይ ደህና ነው። ስልክ ደውለን ድምፁን እስክናሰማት ድረስ ልታምነኝ አልቻለችም። ሁለተኛም ቤት፣ ሦስተኛም ቤት እንዲሁ ሆነ። ጥቅል ይዤ አጥር ስገባ ሰው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። አስናቀው አየውና፣ «ይርጌ፣ አንቺ ትንሽ ብታርፊስ» አለኝ። እሱም አፍሮ ነው ያለው። ፎቶ መለጠፍም ቀርቷል። አሁን እፀገነት በየጠዋቱ ለላኪው ደውላ ድምፁን ሳትሰማ ዕቃ ከበር አይወጣም።

ስጦታውን በየመንደሩ የሚያደርሱት አሁን አሕመድኑርና አንዲት ከአጅባር የመጣች ሴት ናቸው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ክፍል ውስጥ እውላለሁ፤ እጠቀልላለሁ፣ አስራለሁ፣ ስም እጽፍበታለሁ።