የእህቴ ዝምታና የአባቴ ምርቃት

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ሐይቅ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከመውረዳቸው በፊት ወደ እኛ ዞረው መረቁን። "መንገዳችሁን ያቅናው፤ በሰላም ግቡ፤ ክፉ አይንካችሁ።" ስልኩን የሚጎረጉረው ወጣት ሳይቀር ተሳፋሪው ሁሉ "አሚን" አለ። እኔ ብቻ ቀና ብዬ አየኋቸው። ድምፃቸው የአባቴን ይመስል ነበር፤ ዝግ ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚንቀጠቀጥ።

እህቴ ከዓረብ አገር የተመለሰች ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ስትሄድ ሳቋ ከጎረቤት የሚሰማ ልጅ ነበረች። ስትመለስ አንድም ቃል አልነበራትም። ሰው ቤት ትሠራ እንደነበር እናውቃለን፤ ምን እንዳደረጓት ግን እስከ ዛሬ አናውቅም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ትቀመጣለች። በር በኃይል ከተዘጋ ጭንቅላቷን በእጆቿ ትሸፍናለች። ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ኪኒን ሰጡንና "ጊዜ ይፈልጋል" አሉን።

ጎረቤታችን ግን "ሲህር ነው፤ አሠሪዋ ናት ያስደረገችባት" አለች። አምባሰል ውስጥ ድግምቱን ፈትቶ ወደ ላከችው ሴትዮ የሚመልስ ጠንቋይ አለ ተባለ። እናቴ ጨነቃትና ጥቁር ዶሮ ገዛች። አባቴ ዶሮዋ በር ላይ ታስራ ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

"ልጄን ሰው ጎዳት ብዬ፣ እኔ ደግሞ በሰው ላይ ክፉ አላስደግምም" አለ።

"ታዲያ ምን ልታደርግላት ነው?" አለች እናቴ።

"አስመርቃታለሁ።"

ሳቀች ልበል፣ አለቀሰች ልበል፣ አላውቅም።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሸሆቹ መጡ። ከላይኛው መንደር የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ክርስቲያኑ ገበሬ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ውሃው ላይ ፀሐይ ትብለጨለጫለች፤ አየሩ የእርጥብ ሣርና የዓሣ ሽታ ነበረው።

"አላህ ዓፊያሽን ይመልስልሽ።"

"አሚን!"

"የደነገጠው ልብሽ ይረፍ።"

"አሚን!"

"እመብርሃን በእናትነቷ ትቀፍሽ" አሉ ገበሬው። ሸሆቹም "አሚን" አሉ።

አክስቴ አልቻለችም፤ ብድግ ብላ "የዚያች ሴትዮ እጇ ይሰበር!" አለች። አባቴ "ተይ፣ በአላህ፤ ዛሬ እርግማን አይግባብን" ብሎ አስቀመጣት። እህቴ መሃላችን ተቀምጣ ውሃውን ታያለች። አንዴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሁላችንም ትናገራለች ብለን ጠበቅን። ምንም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየማለዳው ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ እጁን አናቷ ላይ አሳርፎ ይመርቃት ጀመር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን እናቴ "ምርቃትህ የት ደረሰ?" አለችው። እጁን የእህቴ አናት ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ።

በኋላ አንድ ከሰዓት፣ በረንዳ ላይ የእህቴን ፀጉር ሳበጥርላት ማበጠሪያው ቋጠሮ ላይ ያዘ።

"ቀስ በይ" አለች።

ማበጠሪያውን ጥዬ ማሳው ድረስ ሮጥኩ። አባቴ የነገርኩትን መልሶ መላልሶ አስደገመኝና ዶማውን እዚያው ትቶ ተከተለኝ። ጭቃ በጭቃ እንደሆነ ፊቷ ተንበረከከ።

"እስቲ ልጄ፣ አንዴ ብቻ" አላት።

ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ከፊቷ አልተነሳም። እሷ ግን ጭቃ የነካውን እጁን ብቻ ታይ ነበር።

እህቴ ዛሬም ከእኔ ጋር ናት፤ ዳግም አልተናገረችም። አባቴ ድምጿን ሳይሰማ ሞተ። በሕይወት ሳለ አንዳንዴ ብቻዬን ሲያገኘኝ አጠገቤ ይቀመጥና፣ "እንዴት ነበር ያለችው? እስቲ እንደሷ አድርገሽ በይልኝ" ይለኝ ነበር።

እልለት ነበር።