ከፎቶዬ ስር የተጻፈውን ያነበቡልኝ ጋሽ ዘርጋው

ያላልኩትን ቃል ከፎቶዬ ስር አትመው ያንተ ነው አሉኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ አላሳምረውም። ያን ጊዜ ከጎኔ የቆሙት፣ መሳለሚያ ላይ ጋዜጣ ሲያከራዩ የምታውቋቸው አቶ ዘርጋው ተክሌ፣ ከሳንባ ሕመም ጋር ብዙ ታግለው ባለፈው እሑድ ማለዳ አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ ሁላችሁም አልቅሳችኋል። እኔ ማልቀስ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። መጻፉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ።

ሥራቸውን ለማያውቅ ልንገር። ከተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ድንጋይ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሰው ጋዜጣውን ተከራይቶ እዚያው አንብቦ ይመልሳል። መግዛት ያልቻለ ሁሉ ወሬ የሚያገኘው ከሳቸው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ፊደል ያልቆጠርነውን ተሸካሚዎች ሰብስበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በነጻ ያነቡልናል። አንዱ ሲያንቀላፋ ካዩ «ተነሣ እንጂ፣ ሚኒስትሩ እየተናገሩ ነው» ይሉታል።

አሜሪካ ጥቁር ሰው ለፕሬዚዳንትነት የመረጠች ሳምንት፣ በምንም ተስማምተው የማያውቁ ጋዜጦች ሁሉ አንድ ፊት ይዘው ወጡ። አንዱ የአፍሪካ ልጅ አለው፤ ሌላው የአባቱን መንደር ከነከብቱ ዘረዘረ። የመርካቶ ሬዲዮ ሁሉ ስለሱ ይጮኻል። ጋሽ ዘርጋው ግን ጋዜጦቹን እየደረደሩ «የሩቁን ድል ሲጽፉ ቀለሙ አያልቅም፤ የጎረቤቱን ሲጽፉ ብዕሩ ይደርቃል» አሉ።

በዚያው ሳምንት በርበሬ በረንዳ ኩንታል ተሸክሜ ሳለሁ አንድ ጋዜጠኛ ፊቴ ላይ ካሜራ ደገነ። ስለ ድሉ ምን ይሰማሃል አለኝ። «ጎበዝ ነው። አንተ ግን መንገድ ልቀቅ» አልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ጋዜጣው ሲወጣ ፎቶዬ ከተመራጩ ፎቶ ስር ነበር። ጓደኛዬ ሸምሱ እየሮጠ አመጣልኝ። እሱም እንደኔ ማንበብ አይችልም። ዋይት ሐውስ ገባህ፣ ከእንግዲህ ጆንያ አትሸከምም እያሉ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ቀለዱብኝ። እኔም ኩራት ወጥሮኝ የተሸካሚ ማኅበራችን ቢሮ በር ላይ በሊጥ ለጠፍኩት። ሂያጅ መጪው ቆም ብሎ ያነብና ዝም ብሎ ያልፋል። ዝምታው አክብሮት መሰለኝ።

ከሰዓት ጋሽ ዘርጋው በዚያ ሲያልፉ ቆመው አነበቡት። ግራ ቀኝ አዩና ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጡት። «ይኼን ብለሃል?» አሉኝ። ምኑን ስላቸው ወደ ጆሮዬ ተጠግተው አነበቡልኝ፦ «አሜሪካ ለውጥ አየች። የእኛዎቹስ ከወንበሩ የሚነሡት መቼ ነው?»

ጊዜው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ከሰፈራችን ከዚህ ባነሰ ቃል የታፈሱ ነበሩ።

ዘግይተን ነበር። በማግሥቱ የቀበሌው የጸጥታ ኃላፊ አስጠራኝና የማኅበር ባጄን ከአንገቴ አስወለቀኝ። ያለ ባጅ መርካቶ ውስጥ አንዲት ጆንያ አትነካም፤ ልጆቼ የሚበሉት በዚያች ባጅ ነው። አላልኩም ብዬ ማልኩ። «ካላልከው ለምን በር ላይ ለጠፍከው?» አለኝ። ማንበብ አልችልም ማለቱን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፈርኩበት። ጋሽ ዘርጋው ለካ ማንም ሳይጠራቸው ተከትለውኝ መጥተዋል። «ማንበብ ስለማይችል ነው፣ ጌታዬ። የራሱን ክስ በገዛ እጁ የሚለጥፍ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አሉት። ኃላፊው ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ግን አልሳቀም። ጋዜጣው ራሱ ካላስተባበለ ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል አለ።

ጋዜጣው ቢሮ አብረውኝ ሄዱ። አዘጋጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን ሕዝቡ በሆዱ ያለውን ነው የጻፍነው አለ።

«በሆዱ ያለውን ለሆዱ ተውለት» አሉት። «አፉ ያላለውን አትጻፍ።»

እናንተ አከራዮች ገበያችንን የገደላችሁ ደግሞ ሥነ ምግባር ልታስተምሩን ነው ወይ ብሎ አስወጣን።

በማግሥቱ ያንን ጋዜጣ ለሚከራይ ሁሉ ገጹን እየገለጡ፣ ይኼ ውሸት ነው፣ ሰውየው ያውና ጠይቁት ማለት ጀመሩ። ቃሉን እያዛመቱ ነው ብሎ አንዱ ጠቆመባቸው። የጸጥታ ኃላፊው ራሱ መጥቶ በረንዳው ላይ ቆመና አርፈው እንዲቀመጡ አስጠነቀቃቸው። «ውሸቱን ካልጠራሁት በምን ላስታርመው?» አሉት። እሱ ዞር ሲል ቀጣዩን አንባቢ ጠሩ። ወሬው ተዛመተ። ጋዜጣ አዟሪዎቹ ውሸታም ይዛችሁ ትዞራላችሁ መባሉ ሲመራቸው፣ ያንን ጋዜጣ አንይዝም አሉ። ይኼኔ እርማቷ ወጣች፣ ከኋላ ገጽ፣ ከመኪና ሽያጭ ማስታወቂያ በታች። ባጄ ተመለሰ።

ፊደል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ እዚያው በረንዳ ላይ። ማንበብ ስችል ያቺን እርማት አውጥቼ አነበብኳት። «ግለሰቡ በድሉ መደሰታቸውን ብቻ ነው የገለጹት» ትላለች። ደሜ ፈላ። መደሰቴን ለማንም አልገለጽኩም! ያን ጊዜ እርማቷን አንብበው ይኼን ያልነገሩኝ እሳቸው ናቸውና ሄጄ ጮኽኩባቸው። «ተዋት፤ ደስታ አያሳስርም» አሉኝ። አልተውኳትም። ዓመታት በዚህ ተከራከርን። ለመሆኑ አልተደሰትክም ወይ ይሉኛል፤ እኔ አልመልስም።

ጋሽ ዘርጋው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት ስመጣ አልጋ ላይ ሆነው ያንኑ ጠየቁኝ። «ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አላልኩም» አልኩዎት። ሳቅዎ በሳል ታፈነ። «እንግዲያው እርማቷም ውሸት ናት። ረታኸኝ» አሉኝ። በሰላም ይረፉ። እዚህ ያላሉትን አንዲት ቃል አልጨመርኩብዎትም። ክርክራችን ያለቀው በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ 2008 ዓ.ም. ነው።