ስፌቱ የአይ ሩቂያ፣ ግድግዳው የጎረቤት

ከድሬዳዋ የተነሣሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ ትምህርት ለዕረፍት ተዘግቷል። ለጉዞው ምክንያት የሆነችኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሰላማዊት ናት። ሐረር ጀጎል ውስጥ የቆዩ ቤቶችን በሚያድስ ፕሮጀክት መሐንዲስ ሆና ትሠራለች። «ፎቶዎቻችን ተደበላልቀውብናል። ሰኞ ግንበኛው የአንዲት እናት ግድግዳ ይጀምራል። በየትኛው ፎቶ እንደሚሠራ አላውቅም፤ ድረስልኝ» አለችኝ። ላፕቶፔን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

«አቦ ጠጋ ጠጋ በሉ! ሰው ነው የሚገባው፣ ጆንያ አይደለም!» አለ ረዳቱ።

«ጆንያማ ብንሆን ተጠንቅቀህ ትጭነን ነበር» አሉት ከኋላዬ የተቀመጡ ሴት፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ።

የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ የድሬዳዋ ሙቀት ከኋላችን ቀረ፤ ሰዉ ሁሉ ሹራቡን ለበሰ። ሐሮማያ ስንደርስ ደግሞ ልጅ ሆኜ ደረቀ ሲባል የሰማሁት ሐይቅ ውሃ ይዞ፣ ዳር ዳሩን ወፎች ሰፍረውበት አየሁት። አንገቴን እስኪያመኝ ዞሬ ተመለከትኩ።

ፈላና በር

ሰላማዊት ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በዚህ በር አጠገብ ጠበቀችኝ። ፈጢራ በማርና በእንቁላል በልተን ወደ ውስጥ ገባን። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ሁለታችንን ጎን ለጎን የማያሳልፍ ሆነ። በግራም በቀኝም በኖራ የተቀባ ግንብ ብቻ ነው፤ ቤት ያለ አይመስልም። ከዚያ አንዲት የእንጨት በር ተከፈተችና አፌን ከፍቼ ቆምኩ። ከግቢው አልፈን የገባንበት ክፍል ወለሉ ቀይ፣ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ መደብም ቀይ ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰንደዶ ስፌትና በሳህን ተሸፍኗል። ይህ የፈትሒያ ቤት ነው። በግንብ የተያያዘው የሚቀጥለው ቤት ሰላማዊት የነገረችኝ እናት፣ የጎረቤቷ የአይ ሩቂያ ነው፤ «አይ» በሐረሪ እናት ማለት ነው። የእሳቸው ቤት ዋና ግድግዳ በዝናብ ተሰንጥቆ ስለነበር ፕሮጀክቱ አፍርሶታል። እስኪሠራ ድረስ የሚኖሩት ፈትሒያ ጋ ነው።

«ሙአሊም፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ አይ ሩቂያ። «ቁርኣኑን የማኖረው ግድግዳው ውስጥ በተሠራው መደርደሪያ ነው። ጨለማ ቢሆንም እጄን ስሰድ አገኘዋለሁ። ቦታው እንዳይዛነፍብኝ፤ ከተዛነፈ በገዛ ቤቴ እንግዳ ልሆን ነው።»

«ኢንሻአላህ አይዛነፍም» አለች ፈትሒያ። እኔም በልበ ሙሉነት ራሴን ነቀነቅኩ።

ሥራው

ሥራውን በቀላሉ ላስረዳ። ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበት የግንባታ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ፎቶ ከመዝገብ ጋር ያስቀምጣል፤ የየትኛው ቤት፣ የየትኛው ክፍል፣ ምን ያሳያል የሚል። ሠራተኞቹ ለወራት ሲያነሱ መዝገቡን ባዶ ትተውታል። በስልኩ የቦታ ምልክት እንዳንለየው ደግሞ ቤቶቹ ግድግዳ ስለሚጋሩ ምልክቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበዋል። በመቶ የሚቆጠር ፎቶ አንድ በአንድ ከፍቶ ማስተካከል አድካሚ ነው። ኤፒአይ የሚሉት ግን አለ፤ አንድ ፕሮግራም ለሌላው ጥያቄ የሚያቀርብበት በር ነው። የፎቶውን መለያ ቁጥርና መለወጥ የሚፈለገውን ብቻ ጽፎ መላክ ነው። ምስሉ አይነካም፤ መዝገቡ ብቻ ይታደሳል። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬ፣ እዚህ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ተቀምጬ ጥያቄዬ ርቆ ወደሚገኝ ሰርቨር ሄዶ «ተፈጽሟል» ብሎ ሲመለስ ግን እንደ አዲስ ገረመኝ።

ቤቶቹን የለየሁት በስፌቶቹ ነው። ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ስፌት የለውም፤ ሁሉም በእጅ የተሰፋ ነው። አይ ሩቂያ ግድግዳቸው ሲፈርስ ፈትሒያ ጋ ያመጡትን፣ በቀይና በጥቁር የተሰፋውን ትልቅ ስፌት ያየሁበትን ፎቶ ሁሉ ለአይ ሩቂያ ቤት ሰጠሁ። ባዶ ግድግዳ ያለባቸውን «ያልታወቀ» ውስጥ ከተትኳቸው። እሑድ ማታ ለሰላማዊት «አለቀ» አልኳት፤ ኮርቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት

ግንበኛው አብዲ ጭቃውን አቡክቶ፣ ድንጋዩን ደርድሮ ጠበቀን። ከሰላማዊት ታብሌት ላይ በጣም ጥርት ያለውን ፎቶ መርጦ ሲባጎ ወጠረ። «አይ፣ መደርደሪያዎቹ ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ነው፤ አይደል?»

አይ ሩቂያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ባዶ አየር ዳሰሱ። «አይደለም። ወላሂ አይደለም።»

ፈትሒያ ታብሌቱን ነጠቀችው። «አቦ! ይሄ የኔ ቤት ነው እኮ!»

«ስፌቱ ግን የአይ ሩቂያ ነው» አልኳት።

«ስፌቱማ የአይ ነው። ልጄን ስድር አውሰውኝ ነው። እዚህ ሠርግ ያለበት ቤት የጎረቤት ግድግዳ ይለብሳል፤ አንተ ከየት መጣህ?» ብላ ሳቀች። አይ ሩቂያም ሳቁ።

አብዲ ግን አልሳቀም። «ጭቃው እየደረቀብኝ ነው» አለ።

መዝገቡን በሙሉ ያደስኩት እኔ ነኝ፤ አይ ሩቂያ በእጃቸው ባይዳስሱት ኖሮ አብዲ የፈትሒያን ግድግዳ አይ ሩቂያ ቤት ውስጥ ሊያቆም ነበር። ያን ጊዜ ከፈትሒያ ንግግር አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ስፌታቸው ለሠርግ ሲሄድ የአይ ሩቂያ ግድግዳ ምን ሆነ?

«አይ፣ በሠርጉ ሰሞን ግድግዳዎ ባዶ ነበር?»

«ምስማር ብቻ ነው የቀረኝ፤ ማሻአላህ፣ ሁሉንም ወሰደችው።»

«ያልታወቀ» ያልኩትን ክፍል ከፈትኩ። ምስማር ብቻ ቀርቶበት ራቁቱን የቆመ ቀይ ግድግዳ ነበረበት፤ ምንም ስላልተሰቀለበት መደርደሪያዎቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አብዲ ሲባጎውን ፈትቶ በዚያ ፎቶ ልክ እንደገና ወጠረ። አይ ሩቂያ እጃቸውን ከትከሻቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ሰደዱ። ጣቶቻቸው ሲባጎው ላይ አረፉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ አብዲ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣ።

የቀረውን ቀን ከሁለቱ ሴቶች ጋር ነደባው ላይ ተቀምጠን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየን። ፈትሒያ ፎቶው ላይ የሚታየውን ትናገራለች፤ አይ ሩቂያ ስፌቱን ማን እንደሰፋው፣ ለየትኛው ሠርግ የት ቤት እንደሄደ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ፣ እልካለሁ። አንድ ሰፈር እንዲህ ግድግዳውን ሲዋዋስ መኖሩን ማመን አቅቶኝ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ብዙ ጊዜ ቆመ።

ድሬዳዋ

ማክሰኞ ወደ ሙቀቱ ተመለስኩ። ለተማሪዎቼ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ መዝገብን ለመለወጥ የሚያስችል በር ስለተከፈተልን ብቻ የምንለውጠውን አውቀናል ማለት አይደለም።

ከሳምንታት በኋላ ሰላማዊት አዲስ ፎቶ ጫነች። ግድግዳው ተለስኖ ቀይ ተቀብቷል። መዝገቡ ባዶ ነው። የማን እንደሆነ አላጣሁትም፤ ቢሆንም ደወልኩ።

«አይ፣ የግድግዳዎ ፎቶ ደርሶኛል። ምን ብዬ ልጻፍበት?»

«ስፌቴን ሰቅያለሁ፣ ቁርኣኑንም ከቦታው መልሻለሁ» አሉኝ። «ከእንግዲህ ግድግዳ አትበለው ልጄ። ቤት ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩና ላክሁት።