የስሜነሽ መጽሐፍና የጓያው ሽሮ

እንጅባራ ውስጥ፣ ቢያንስ በኛ ሰፈር፣ ጨው ለመጨመር መጽሐፍ የምትገልጥ ሴት ስሜነሽ ብቻ ናት። አጥር ለአጥር ነን፤ ከመጣች ጀምሮ አውቃታለሁ። ሦስት የባልትና መጽሐፍ አላት። አብልጣ የምትወደው ዳንግላ ገበያ፣ ላስቲክ ላይ ከተዘረጋ አሮጌ መጽሐፍ መሀል ያነሳችውን ሽፋን የለሹን ነው። ስታገባ እናቷ የሰጠቻት ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቅልላ ይዛው ገባች። እጇ ደግሞ የተባረከ ነው፤ ምቀኛዋ እንኳ አይክድም።

ባሏ ሽባባው ፈረሰኛ ነው። ጥር ላይ ፈረሰኞቹ ሲወጡ ሰው እሱን ለማየት ይጋፋል። ፈረሱንና የሚስቱን ወጥ ከሰጡት ሌላ አይጠይቅም እያልን እንስቅበታለን።

አማቷ እማማ ውብአየሁ ግን መጽሐፉን አይወዱትም ነበር። ጓያ ሲቀቀል በር የሚያስከፍቱ፣ እንፋሎቱ ሰው ይሰብራል የሚሉ የድሮ ሰው ናቸው። ስሜነሽ ገልጣ አነበበችላቸው፤ እንፋሎቱ ምንም አያደርግም ይላል። እውነትም አያደርግም። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ እንጃ። እማማ ውብአየሁ መጀመሪያ በአዊኛ ሰደቡን፣ ቀጥለው በአማርኛ፣ "መጽሐፍ እግር የለው፤ ምን ቸገረው" አሉ።

ከዚያ መንገዱ የተዘጋበት ክረምት መጣ። አተርና ባቄላ ከገበያ ጠፋ፤ የተገኘውም እሳት ሆነ። ጓያ ግን ነበረ። ስሜነሽ ቆልታ፣ ከክታ፣ በርበሬና ኮረሪማውን በመጽሐፉ ልክ ጨምራ አስፈጨችው። እንፋሎቱን ካልፈራች ሌላውን ለምን ትፈራለች? ከሰኔ እስከ ጥቅምት ጠዋትም ማታም የሚበላው እሱ ነበር። እውነቱ ይነገርና ይጣፍጥ ነበር።

መጀመሪያ ሽባባውን ባቱን ይዘው ጀመር። ብርድ ነው አለ። የእንጅባራን ብርድ ማን ይጠራጠራል፤ አመንነው። ኅዳር ላይ በጣቱ ይረግጥ ጀመር፤ ተረከዙ መሬት አልነካ አለ። እኔ ከአጥሬ ማዶ ሳየው ብርድ አልመስልህ አለኝ። ይቺ የማታርፍ አፌ ያኔ ምን ዘጋት? ጥር ደረሰና ሁለት ሰው አንስቶ ፈረሱ ላይ አስቀመጠው። ጉልበቱ ፈረሱን መያዝ አቃተው፤ በሕዝብ ፊት አወረዱት። እየሳቀ ወረደ፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ሐኪሙ ብዙ አልጠየቀም፤ ስትበሉ የከረማችሁት ምንድን ነው አለ። በማግስቱ ስሜነሽ ብቻዋን ተመልሳ ውጤቱን ሰማች። ጓያው ነው፤ የታጠፈው እግር አይቃናም። ቤት ገብታ መጽሐፏን አወጣች። የጓያው ገጽ በቅቤ ብዛት ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቋል፤ በቢላ ለያየችው። እኔን ጠርታ አነበበችልኝ፦ ለወራት አዘውትረው እንዳይበሉት፣ እግር ያሽመደምዳል ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄው ነው። ለሽባባው ግን ልትነግረው አልቻለችም፤ እሱ እግሬ ይድናል እያለ ፈረሱን ይቀልባል።

ከዚያ ወዲህ አተር ከዘመድ እየለመነች የአተር ሽሮ ትሠራለች። ባለፈው እሑድ ሦስታችን ቀርበን ስንበላ ሽባባው ሁለቴ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። የበፊቱ ይሻለኛል፣ እሱን ሥሪልኝ አላት።

ስሜነሽ የያዘችውን እንጀራ መለሰችው።

"የበፊቱ ነው እግርህን የወሰደው" አለች። "እኔ ነኝ ያበላሁህ። አይድንም።"

ይጮህባታል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እጇን ያዘና ቀስ ብሎ፣ "አብረን አይደል እንዴ የበላነው?" አላት።

ሊያጽናናት ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ወደ እግሯ ጣለች። እኔም የራሴን አየሁ፤ ያን ክረምት ከነሱ ማዕድ የቀረሁበት ቀን አልነበረም።