ማንም ሳይሞት የተለቀሰበት ሚኒባስ

ዛሬ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ስነዳ መኪና ሙሉ ሰው አስለቀስኩ። የሞተ ሰው ግን የለም።

የእኔን ራስ ምታት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሲነሳብኝ ቀኝ ዓይኔን ከውስጥ በመሮ የሚፈለፍሉት ይመስለኛል፤ እንባዬም ዝም ብሎ ይወርዳል።

ዛሬ የጀመረኝ ከወንድሜ ጋር በስልክ አውርቼ እንደዘጋሁ ነው። (እየነዳሁ ማውራቴ ጥፋት ነው፤ አትቆጡኝ።) ቁልቁለቱ ጋ ሳልደርስ ዳር ይዤ ቆምኩና መሪው ላይ ተደፋሁ።

ከኋላዬ የተቀመጡ እናት እንባዬን አዩ። "ወይኔ ልጄን! መርዶ ነገሩት!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሏቸው፤ ወንዶቹም ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ከሕመሙ የተነሳ አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻልኩም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲለቀኝ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው "ማን ነው ያረፈው?" አሉኝ።

"ማንም አላረፈም አባባ፤ ራሴን አሞኝ ነው።"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ግን ሰጋሁ። ከእንግዲህ በሽተኛ ሹፌር ማን ይሳፈርበታል?

እናትየዋ ሲወርዱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ሲያምህ እንዲሁ ቁም ልጄ፤ ለቅሶውን ለእኛ ተወው" አሉኝ። የመልሱንም ጉዞ ከእኔው ጋር ያዙ።

እናንተስ፣ ሕመማችሁን ሰው ምን መስሎት ያውቃል? እስቲ አጫውቱኝ፤ አሁን ሁለቱም ዓይኖቼ ደህና ናቸው።