ጎን ለጎንም፣ ፊት ለፊትም

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ቀጥበል» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ከወርክሾፑ ፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። የተጣመመ ጣውላ እጁ ሲገባ «ቀጥ በል እንጂ አንተ!» እያለ ይቆጣል፤ ጣውላውም የሰማው ይመስል ከመላጊያው ሥር ተስተካክሎ ይወጣል። ቁምሳጥን ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ የምግብ ጠረጴዛ ከነወንበሩ ይሠራል። ሁሉም ቀጥ ያለ፣ ሁሉም ከባድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ «የሱን አልጋ የገዛ ሰው ቤት አይቀይርም» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን ምስጋና አድርጎ ነው የሚወስደው።

የወንበሮቹ ፈታኝ ሚስቱ ነበረች። ቤታቸውና ወርክሾፑ በአንድ በር ስለሚገናኙ፣ ወንበር በጨረሰ ቁጥር ይጠራታል። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመጣና ትቀመጣለች፤ ትደገፋለች፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ወይ «ይሸጥ» ትላለች፣ ወይ «ይሄ ወገብ ይቆርጣል» ትላለች። ይግባኝ የለም።

አንድ ዘመን በጠና ታማ ከተነሳች በኋላ ግራ ጆሮዋ መስማት አቆመ። መጀመሪያ ደብቃው ነበር። አንድ ቀን «በሩን ልዝጋው ወይስ ልተወው?» ቢላት «አዎ» አለችው። ያኔ ነው የገባው። እሱም ምንም ሳይላት ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ለመደ። ቤት ውስጥ በቀኟ በኩል መሆንንም ለመደ።

አንዲት የቤት ዕቃ ዲዛይነር የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። ትምህርቷን ገና የጨረሰች ልጅ ናት፤ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ሸጉጣ ወርክሾፕ ለወርክሾፕ ትዞር ነበር። ሁሉም «ቆንጆ ነው፣ ግን ማን ይገዛዋል?» ብሎ ሸኝቷታል። ጋሼ ቀጥበል ወረቀቱን በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለመጠ አግዳሚ ወንበር ነው።

«ልጄ» አላት፣ «ዕድሜዬን የጨረስኩት እንጨት ሳቃና ነው። አንቺ ደግሞ አጣምልኝ ትያለሽ?»

«ጋሼ፣ የሚቀመጥበት ሰው ራሱ ቀጥ ያለ ነው እንዴ?»

ወረቀቱን ጠቅልሎ መለሰላት። ልትወጣ ስትል ሚስቲቱ በመሃል በሩ ብቅ አለች። «ምሳ ደርሶ የት ነው የምትሄጂው? ግቢ!»

ገባች። ሲበሉ ዲዛይነሯ አንድ ነገር አስተዋለች። ሚስቱ ውሃ ልታመጣ ተነስታ ስትመለስ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱም ሳህኑን ይዞ ተነሳና ዞሮ በቀኟ በኩል ተቀመጠ። ጨው ልታቀብል ተነስታ ስትመለስ አሁንም ቦታ ቀየረች፤ እሱም ተከተላት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ወሬውን እንኳ አላቋረጠም። ሚስቲቱም ልብ ያለችው አትመስልም። ልጅቷ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች።

ሳምንት ቆይታ ሌላ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

«ይኸው፣ የተጣመመ የለውም» አለችው። «ሁለት ቀጥ ያሉ መቀመጫዎች ናቸው። መሃል ላይ ተገናኝተው ትንሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ።»

«ማን ሊቀመጥበት?»

«እርስዎና እትዬ። እሳቸው በዚህ፣ እርስዎ በዚያ። ቀኝ ጆሯቸው ወደ እርስዎ ይሆናል፤ ፊትዎንም ያዩታል። ከዚያ በኋላ ሳህን ይዞ መዞር የለም።»

ጋሼ ቀጥበል ያንን መዞር ሰው ያየዋል ብሎ አስቦ አያውቅም። ከዚያ መዶሻውን አነሳና ንድፉን ግድግዳው ላይ በምስማር መታው።

መጀመሪያ ከአሮጌ ኮምፔልሳቶ ለሙከራ ሠሩት። ባልና ሚስቱ ገና ከመቀመጣቸው ጉልበት ለጉልበት ተጋጩ።

«ይሄ ለእጮኛሞች ነው» አለች ሚስቲቱ። «እኛ አሁን ጉልበታችንን እያስታመምን ነው።»

ዲዛይነሯ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ከዚያ ከሁሉም በላይ እሷው ሳቀች። መታጠፊያውን ከፈት አድርጋ ደግማ ሳለችው። የዋናው እንጨት ሥራ ሲጀመር ደግሞ ጭቅጭቁ በአግዳሚው እግር ላይ ሆነ። ጋሼ ቀጥበል እንደ ልማዱ እግሮቹን እንደ ምሰሶ አወፈራቸው።

«እትዬ ብቻቸውን ወደ መስኮቱ ሊስቡት ይገባል እኮ» አለችው።

«ቢሰበርስ?»

«እርስዎ የሠሩት ነገር መቼ ተሰብሮ ያውቃል?»

መላጊያውን አነሳ። ትንሽ ይልግና «ይበቃል?» ይላል። «ትንሽ» ትለዋለች። ደግሞ ይልጋል። «አሁንስ?» «ትንሽ ብቻ፣ ጋሼ።» እንዲህ ሲባባሉ አመሹ። በመጨረሻ ሚስቲቱ መጥታ በአንድ እጇ ገፋ ስታደርገው አግዳሚው ሄደላት። እሱ ራሱ ደነገጠ።

ቫርኒሹ የደረቀ ዕለት ሁለቱ ተቀመጡ። ሚስቲቱ ተደገፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ዲዛይነሯ ቆማ ፍርዱን ጠበቀች።

ይህ ሰው ሚስቱ ከታመመች ወዲህ ሁሉን ነገር ሲነግራት በጩኸት ነበር። «እራት ቀረበ!» ይጮሃል፤ «ዝናብ መጣ!» ይጮሃል። ባልና ሚስት የሚባባለው ነገር ግን ሁሉ የሚጮህ አይደለም። ሰፈር ሊሰማው የማይገባው ወሬ ሳይነገር ሲጠራቀም ኖሯል። አሁን ወደ እሷ ትንሽ ዘንበል አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ነገራት።

ዓይኗን ገለጠች። «ዝም በል አንተ፣ ልጅ ቆማለች!» ብላ ትከሻውን መታችው። ፊቷ ግን እንደዚያ ሲበራ ዲዛይነሯ አይታው አታውቅም።

«እሺ፣ ምን ትያለሽ?» አለ እሱ።

«ይሄ አይሸጥም» አለች ሚስቲቱ። «ይሄ የኔ ነው።»

ያ አግዳሚ ሳሎን ገባ። ያዩት ጎረቤቶች እንዲህ ያለ ይሠራልን አሉ፤ ጋሼ ቀጥበልም ልጅቷን ጠርቶ ግማሹን መሥሪያ ጠረጴዛ አጸዳላት። «ከእንግዲህ ወረቀት ይዘሽ አትዙሪ» አላት። ታፔላው ወርዶ የሁለቱም ስም ተጻፈበት። የማን ይቅደም በሚለው ሲጨቃጨቁ ከረሙና በመጨረሻ ሚስቲቱ የልጅቷን አስቀደመች። ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ልጅቷ ቀጭን ትወዳለች፣ እሱ ወፍራም ይወዳል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ደንበኛው ቤት አብረው ይሄዳሉ። እሱ ክፍሉን ይለካል፤ እሷ ቁጭ ብላ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ታያለች።

ኋላ የሚስቲቱ ቀኝ ጆሮም ደከመ። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም። ጋሼ ቀጥበል በዚያ ሰሞን እንጨቱንም መቆጣት ትቶ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዲዛይነሯ አዲስ የሣለችውን ልታሳየው በመሃል በሩ ገባ አለች። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ፊቱ ላይ አርፏል። እሱ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን ቀስ እያደረገ ያወራል። ሚስቱ ከንፈሩን እያየች ትከተለዋለች፤ አንዳንዴ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፣ አንዳንዴ «ውሸታም!» ትለዋለች። በደንብ እየተግባቡ ነው። ልጅቷ ወረቀቷን ጠቀለለችና እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።