ገመዱን ነቅላለች ብዬ የጻፍኩባት ሴት

ያንን መሥሪያ ቤት ገና ሳልደርስ ነው የጠላሁት። በአሮጌ አውቶቡስ የጀማን ወንዝ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ አቧራ ጠግቦ ዓለም ከተማ የሚገባ ሰው ደግ ልብ አይተርፈውም። የአንድ የልማት ድርጅት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ። የቅርንጫፉ አራት ኮምፒዩተሮች በአዲስ አበባ ካለው የኢሜይል ሰርቨር ጋር አልገናኝ ብለው ነው የተላክሁት። ሥራ አስኪያጁ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ አሉ። ጸሐፊዋ ቀና ብላም አላየችኝ።

ገመድ ፈተሽኩ፣ የስልክ መስመሩን ፈተሽኩ፣ የይለፍ ቃል ቀየርኩ። ኢሜይሉ እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ባለ ቁጥር ሳላነብ እዘጋዋለሁ። ጸሐፊዋ ከኋላዬ ቆማ ለምን አታነበውም አለችኝ። ምን አገባት አልኩ በሆዴ። በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛዋ ሥር አንድ የላላ ገመድ አገኘሁና ሪፖርቴ ላይ፣ ጸሐፊዋ ገመድ እየነቀለች የኮምፒዩተሮቹን ማገናኛ ዕቃ አበላሽታለች፣ ምትክ ያስፈልጋል ብዬ ጻፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ምትኩን ይዤ ስመለስ፣ በእኔ ሪፖርት የተነሳ ልትሰናበት መሆኑን ሰማሁ። ዓርብ አዲስ አበባ ላይ ይወሰናል። አዲሱን ዕቃ ገጠምኩ፤ ያው ነው። ያን ጊዜ በንዴት ጽሑፉን አነበብኩት። የሰርቨሩ የማንነት ማረጋገጫ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል። ቀኑን ብከፍት፣ ኮምፒዩተሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። አንድ ሰው በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል፤ ሰዓቱንም እንዲሁ። ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ ኮምፒዩተሩ ሦስት ተኩል ይላል፣ የእጄም ሰዓት ሦስት ተኩል። ስንት ጊዜ አይቼው ትክክል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሰርቨሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ብቻ ነው።

በአራቱም ላይ የሞሉት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። ደብዳቤዬ ላይ የፈረንጅ ቀን እየታተመ የወረዳው ሰው ሳቀብኝ አሉ። በአገሬ ቀን ብሠራ ምን ነውር አለው ብለው ተቆጡኝ።

አስተካከልኩት። የተጠራቀመው ኢሜይል ይጎርፍ ጀመር። እዚያው አጭር ሪፖርት ጻፍኩ፤ ብልሽቱ ተገኝቶ ተስተካክሏል። ልልከው ስል ጸሐፊዋ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የማን ጥፋት እንደሆነም ጻፍ» አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁን አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእሳቸውን ስም መጻፍ ስጀምር እጇን ኪቦርዱ ላይ ጫነችው።

«የእሳቸውን አይደለም። እሳቸው በእኔ ላይ አልጻፉም።»

ጠላኋት፤ እውነቷን ስለሆነ ደግሞ አብልጬ ጠላኋት። እሷ ምንም እንዳላጠፋች፣ እኔ ሳላረጋግጥ እንደጻፍኩባት፣ በገዛ ስሜ ጽፌ ላክሁት። መሄዱን በዓይኗ እስክታይ አልተነቃነቀችም።

ከዚያ ተነሳችና፣ «አሁን ከጠረጴዛዬ ተነስልኝ» አለችኝ።